«ያዙት»፦ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ

አስፈሪ አጫጭር ልብ ወለዶችን ረጋ ብዬ ማንበብ ልለማመድ ብዬ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። እስካሁን ከአንዷ አልወጣሁም። የአርጀንቲናዊው የሁሊዮ ኮርታሳር «የተያዘ ቤት» ናት። እ.ኤ.አ. በ1946 ደራሲው ቦርኸስ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት ላይ ወጣች። ጥቂት ገጽ ብቻ ስለሆነች ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በረንዳችን ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሳልነሳ ጨረስኳት።

ወንድምና እህት ከቅድመ አያት በወረሱት ትልቅ ቤት ይኖራሉ። እሷ ሹራብ ትሠራለች፣ እሱ ያነባል። አንድ ምሽት ከኋላ በኩል የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ወንድምየው ሮጦ በሩን ይቆልፋል። በቃ፣ ያ የቤቱ ክፍል ተያዘ።

መጀመሪያ ሳነብ «ማነው የያዘው?» እያልኩ ነበር። ጋኔን ነው? ሌባ ነው? የፕሬዚዳንት ፔሮን ዘመን የአርጀንቲና ፖለቲካ ነው የሚሉም አሉ። መልስ ሳጣ ተናደድኩ።

ሁለተኛው ላይ እርሳስ ያዝኩና መጠየቅ ሲገባቸው ያልጠየቁበትን ቦታ ሁሉ አሰመርኩ። ወንድምየው በሩን ከቆለፈ በኋላ ማንቆርቆሪያ ጥዶ፣ ማቴ አፍልቶ በትሪ ይዞ ይመለሳል። (ማቴ እነሱ አገር እንደ ሻይ የሚጠጣ ቅጠል ነው። ከቡና በሚፈላው በእኛ መጠጥ፣ ሆጃ ብዬ ልተረጉመው ዳድቶኝ ነበር፤ ተውኩት።) የሆነውን ለእህቱ ይነግራታል። እርግጠኛ ነህ ወይ ትለዋለች። አዎ ይላታል። እንግዲያው በዚህ በኩል መኖር ነው ትላለች። ትንሽ ቆይታ ወደ ሹራቧ ትመለሳለች። ግራጫ ሰደርያ ነው የምትሠራው፤ ወንድምየው ሰደርያውን እንደሚወደው ይነግረናል። እኔን ያስበረገገኝ ከድምፁ ይልቅ ይሄ ሰደርያ ነው።

ሦስተኛው ላይ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። «የኋላውን ክፍል ያዙት» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ስፓኒሹ ላይ ግሱ የብዙ ነው፣ ባለቤቱ አይጠራም። የእኛ «ያዙት» ግን የብዙም የአክብሮትም ነው። አንድ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስማቸው የማይጠራ ትልቅ ሰው። «ተያዘ» ብል ይቀለኝ ነበር፤ ያኔ ግን ያዡ ራሱ ይጠፋል። «ያዙት» ውስጥ ያዡ አለ፣ ፊቱ ብቻ ነው የማይታየው። ይሄን ያገኘሁት በመተርጎም ነው፤ በማንበብ ብቻ አላየውም ነበር።

ትርጉሙን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከፍተው አያዩም እንዴ ትላለች ብዬ ስጠብቅ የሐምሌ 1998ን ጎርፍ አነሳችብኝ። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥላል፣ ውሃው እኛ ጋ ይደርሳል። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

«መጀመሪያ ድምፅ ነበር» አለችኝ። «ሰዉ መጣ፣ መጣ እያለ ይሮጣል። ምን እንደመጣ የነገረን የለም።» ዝም አለች። ከዚያ «አንብብ» አለችኝ።

አሁን የቀረኝ መጨረሻው ነው። ድምፁ ወደ እነሱ በኩል ሲመጣ ሁለቱም ይሸሻሉ። ክሩ ከእህትየው እጅ ተንጠልጥሎ በተዘጋው በር ስር ያልፋል። እሷም ይሄኛውን በኩል እንደያዙት ትናገራለች። «ይሄንንም ያዙት» ብዬ ጽፌያለሁ። ያቺ «ም» ስፓኒሹ ላይ የለችም። አራት ቀን ሙሉ አወጣታለሁ፣ መልሼ አስገባታለሁ።