ኩንድሊ ከማሠራታችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ

ለትምህርት ሕንድ የሄደ ሰው የልደት ቀኑን ከነሰዓቱ ሳይጠየቅ አይመለስም። አከራይ ይጠይቃል፣ የክፍል ጓደኛ እናት ትጠይቃለች፣ ባቡር ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠ የማታውቁት ሰው ይጠይቃል። ፑኔ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን በምማርበት ጊዜ ጥያቄው ሲደጋገምብኝ «ይሁን» ብዬ ኩንድሊ፣ ማለትም የልደት ሰማይ ሰንጠረዥ፣ አሠራሁ። አምኜበት አይደለም፤ ንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ሰማዩን እንዴት እንደሚቆጥሩት ለማየት ነበር። አየሁ፣ አቆጣጠሩንም ወደድኩት። በመካከሉ የገባው የወረቀት ጣጣ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከአገር ሳልወጣ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

በአገራችን ሐሳበ ከዋክብት የሚያውቅ ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ይጠይቃል፤ ፊደላቱን በቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ በተረፈው ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ ኮከቡን ይነግረዋል። የልደት ሰዓት አይጠየቅም። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የእናቴን ስም ማንም አልጠየቀኝም። ጆቲሽ የሚሉት የቬዳ ኮከብ ቆጠራ ጉዳዩ ከደቂቃ ጋር ነው። ሕፃኑ ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ እየወጣ ያለው የኮከብ ክፍል ላግና ይባላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለወጣል፤ በአራት ደቂቃ ብትሳሳቱ አንድ ዲግሪ ያህል ይዛነፋል። ጨረቃ ደግሞ ናክሻትራ በሚባሉ 27 ማደሪያዎች ትዞራለች፤ በአንዱ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ነው። የሰው ዕድሜ በ120 ዓመት ተሰልቶ፣ ዳሻ በሚባሉ ዘመናት ለዘጠኙ የሰማይ ገዢዎች የሚከፋፈለው ጨረቃ በልደት ሌሊት ካደረችበት ማደሪያ ተነሥቶ ነው። ልደታችሁ በአንድ ቀን ከተዛነፈ የሚነበብላችሁ የሌላ ሰው ሕይወት ነው።

ኮከብ ቆጣሪ ማግኘት ቀላል ነው። የአከራዬ እናት፣ ሁላችንም አጂ የምንላቸው አሮጊት፣ ወደ ቤተሰባቸው ጆቲሺ ወሰዱኝ። ጉሩጂ ብዬ ጠራኋቸው። በኮምፒውተር ይሠሩታል፣ ክፍያው መጠነኛ ነው፣ በሳምንቱ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ጣጣው ያለው የልደት ቀን ላይ ነው። ጉሩጂ «መንግሥት የሰጠሽን ማስረጃ አምጪ፣ የቃል አልቀበልም» አሉ። ፓስፖርቴንና አዲስ አበባ በአንድ የትርጉም ቤት የተተረጎመውን፣ በሕጋዊ ማኅተም የደመቀውን የልደት ወረቀቴን ሰጠኋቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1995፣ ጠዋት 8፡00 ይላል። ሰንጠረዡ ወጣ፦ ሰኞ የተወለደች፣ ጨረቃ ቺትራ በምትባለው ማደሪያ፣ ጨረቃዋ እየጎደለች በ13ኛው ዕለት። ልጅነቴ በማርስ አለፈ፣ ከዚያ ከዘጠኙ ገዢዎች አንዱ የሆነው የራሁ 18 ዓመት፣ አሁን ደግሞ 16 ዓመት የሚቆየው የጁፒተር ዘመን። «ዕውቀትና ሀብት የሚሰፋልሽ ጊዜ ነው» ተባልኩ፤ ለጣቴም ቢጫ ሰንፔር ታዘዘልኝ። በዚያው ወር የነፃ ትምህርት አበሌ ዘግይቶ ሩዝና ምስር በዱቤ እበላ ነበር።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ደሴ ላኩት። እናቴ ወዲያው ደወለች።

«ሰኞ? ማን ነው ሰኞ ያለሽ? ማክሰኞ ሌሊት ነው የወለድኩሽ፣ ለኅዳር ሚካኤል አጥቢያ። ምጡ ሲይዘኝ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማ ነበር።»

ኦርጅናሉን የሆስፒታል ካርድ ከሳጥን አውጥታ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። «11/3/88፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ይላል። ያቺ አዋላጅ ነርስ የት እንዳለች ባውቅ እጅ እነሣታለሁ፤ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሥራዋን በትክክል የሠራች እሷ ብቻ ናት።

አሁን ተከተሉኝ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። 1987 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ሆናለች። ስለዚህ የ1988 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አይደለም። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል፤ በዘመነ ዮሐንስ ልደትን በታኅሣሥ 28 የምናከብረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትርጉም ቤቱ ሰውዬ ግን እንደ ማንኛውም ዓመት ቆጠረና ኅዳር 11ን ኖቬምበር 20 አደረገው። ትክክሉ 21 ነበር። ታኅሣሥ 28 ገና ሲያከብር የኖረ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? ሁለተኛ፣ «ሌሊት 8 ሰዓት»ን «ጠዋት 8፡00» ብሎ ጻፈው። በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 2፡00 ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ይወለዳል፦ በእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ነርሷ ገና ኅዳር 11 ላይ ነበረች፤ ፈረንጅ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ኖቬምበር 22 ተሻግሯል። ስለዚህ የተወለድኩት ኖቬምበር 22 ከሌሊቱ 2፡00 ሲሆን ወረቀቱ ኖቬምበር 20 ጠዋት ይላል። አርባ ሁለት ሰዓት! ጨረቃ በዚህ ጊዜ ቺትራን ለቅቃ፣ ስዋቲን አልፋ፣ ቪሻካ ገብታለች።

አራተኛም አለ፣ እሱ የጉሩጂ ኮምፒውተር ነው። የትውልድ ቦታውን ደሴ ብትሉትም ሰዓቱን ሳትቀይሩ ከተዋችሁት በሕንድ አቆጣጠር ይወስደዋል። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ላግናው ያለ ጥርጥር ይበላሻል። ስክሪኑ ላይ የሰዓት ክልሉን በራሳችሁ ዓይን እዩ፤ ቢቆጡም አጠገባቸው ቁሙ።

ካርዱን ይዤ ስመለስ ጉሩጂ መጀመሪያ አኮረፉ። «የመንግሥት ወረቀት ተሳስቶ የእናትሽ ቃል ትክክል ይሆናል?» አሉ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንደሆነ፣ ሰዓቱም ከዚያ እንደሚቆጠር ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በቀድሞው የሕንድ አቆጣጠርም ዕለቱ የሚለወጠው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ከዚያ ቀንና ሌሊቱ 24 ደቂቃ በሚሆኑ 60 ጋቲዎች ይከፈላል። እኔም እርሳስ ተቀብዬ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ መሆኑን ጻፍኩላቸው። ጋቲው እንደገና ለ60 ይከፈላል፤ ኬክሮሱም 60 ካልዒት አለው። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ሻይ አዘዙ። ኮምፒውተሩ ረቡዕ ሲል፣ እናቴ፣ ነርሷና የጉሩጂ አያቶች ማክሰኞ ላይ ተስማሙ።

የተስተካከለው ሰንጠረዥ ግን መልካም ዜና አልነበረውም። የተወለድኩት አማቫሲያ ላይ ነው፤ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ልትገጥም ስትል፣ ከሰማይ በጠፋችበት ሌሊት። የጁፒተሩ ዘመን በልጅነቴ አልቋል፤ ያለሁት በ19 ዓመቱ የሳተርን ዘመን ነው፣ የድካምና የመዘግየት። ከአበሌ ጋር ሲተያይ ይህኛው የበለጠ ይመስል ነበር፣ አልዋሽም። ቢጫው ሰንፔር ቀርቶ ሰማያዊ ታዘዘ፤ አማቫሲያ ላይ ለተወለደ ይደረጋል የሚባለው የማስታረቂያ ጸሎትም ከነዋጋው ተነገረኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ምክሬም ቁርጥ ያለ ነው፦ ቀለበት አትግዙ። በሳምንት ውስጥ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ ትእዛዝ ላይ የሰው አገር ተማሪ ገንዘቡን ማፍሰስ የለበትም።

የወደድኩትን ያገኘሁት ከጉሩጂ ቤት ውጭ፣ አጂ ዘንድ ነው። ወጥ ቤታቸው በር ላይ የተሰቀለ የግድግዳ ካላንደር ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ዕለት ከቁጥሩ ሥር የጨረቃዋን ቀን፣ ማደሪያዋንና ጾም ካለ ጾሙን ይዟል። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ በአራተኛው ቀን ሳንካሽቲ የሚሉትን ጾም ይጾማሉ። የሚፈታው ጨረቃ ስትወጣ ነው። አጂ ሳህናቸውን ሸፍነው ሰገነት ላይ ይወጣሉ፤ ክረምት ሆኖ ደመናው ከከለከላቸው ደግሞ ወርደው ካላንደሩ ላይ የታተመውን የጨረቃ መውጫ ደቂቃ ከእጅ ሰዓታቸው ጋር ያስተያያሉ። አንድ ደቂቃ ሲቀር እንኳን ውኃ አይቀምሱም። ከጾም መፍቻ ሰዓት ጋር የእኔ እናት ካላት ጠባይ በምንም አይለይም።

አማቫሲያ ላይ መወለዴን ስነግራቸው አልደነገጡም። ጨረቃ የሌለችበት ቀን ሙታን አባቶች የሚታሰቡበት እንጂ የተረገመ አይደለም አሉኝ። በመስከረም አካባቢ፣ ከናቫራትሪ በዓል በፊት፣ የሚጎድለው የጨረቃ ግማሽ በሙሉ ለሞቱ ሰዎች ዝክር የተሰጠ ነው፤ በአዲስ ጨረቃ ተዘግቶ በማግሥቱ በዓሉ ይገባል። ስትሞላ ያለው ግማሽ ለመጀመር፣ ስትጎድል ያለው ለመተው ነው የሚሉትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ይህን ትንቢት አድርጎ መውሰድ አያስፈልግም፤ ሥራን በወቅቱ ለማሰናዳት ግን ጥሩ ሥርዓት ነው። እስከ ዛሬ መዛግብቴን የማጸዳው ጨረቃ ስትጎድል ነው።

የፀሐይዋ ዙር ደግሞ ከጨረቃዋ ይከብዳል። ጃንዋሪ 14 ገደማ ማካር ሳንክራንቲ ይከበራል፤ ፀሐይ ጀዲ የሚባለው የኮከብ ክፍል ገብታ ፊቷን ወደ ሰሜን መለሰች ይባላል። ፑኔ ውስጥ ሰሊጥና ጥቁር ስኳር የተጋገረበት ጣፋጭ እየሰጡ «ይህን ቅመሱ፣ ጣፋጭ ተናገሩ» ይባባላሉ። ሰሜናዊው ጉዞ ለነፍስ መንገድ የተከፈተበት ነው፤ ጥንታዊው ጀግና ቢሽማ በቀስት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ለመሞት ይህን ወቅት ጠበቀ ተብሎ ይተረካል። ጠንቃቃ አንባቢ ግን ይጠይቃል፦ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትመለሰው በዲሴምበር 21 ወይም 22 አይደለም? ነው። የጆቲሽ ሰዎች ከዋክብቱን ራሳቸውን ስለሚከተሉ፣ የምድር ዛቢያ በዝግታ በመዞሩ ምክንያት ከወቅቱ በ24 ዲግሪ ገደማ ተለያይተዋል። ጉሩጂን ስጠይቃቸው «አያናምሻ» ብለው ቁጥሩን ነገሩኝና ወደ ሌላ ወሬ ገቡ። በፈረንጅ ጋዜጣ ያነበባችሁት ኮከባችሁ እዚያ በአንድ ወደ ኋላ ቢመለስ አትደንግጡ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ ሰው ሌላው አይከብደውም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ 365፤ የሚተርፈው 11 የእኛ አበቅቴ ነው። እኛ አበቅቴን እየደመርን በ30 እንገድፋለን፤ እነሱ ደግሞ ሲጠራቀም በየ32 ወር ተኩል ገደማ አድሂክ የሚሉትን አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። እኔ ያለሁበት እ.ኤ.አ. 2018 ጄሽታ የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ሆነ፤ በትርፉ ወር ሠርግ ስለማይደረግ የአከራዬ ዘመድ ጋብቻ ተገፋ። በ19 ዓመት ሁለቱ አቆጣጠሮች መልሰው ይገናኛሉ፤ ንኡስ ቀመር የምንለው ነው። እኔ በተወለድኩበት ኖቬምበር 22 ቀን 1995 አዲስ ጨረቃ ነበረች፤ በ19 ዓመቴ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 2014፣ እንደገና አዲስ ጨረቃ ሆነች። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ ክልል ወር የሚያልቀው በአዲስ ጨረቃ ነው፣ በሰሜን ሕንድ ግን በሙሉ ጨረቃ። የዴልሂ ካላንደር ይዛችሁ ፑኔ ውስጥ አትከራከሩ፤ ግማሹን ወር በሌላ ስም ትጠሩታላችሁ።

ወደ አገር ስመለስ ፓስፖርቴን ላስተካክል ሄድኩ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ኦርጅናሉን ካርድ አየ፣ ትርጉሙን አየ፣ «ሁለቱም ማኅተም አላቸው» አለ። ጳጉሜን 6ን ላስረዳው ስጀምር እጁን አነሣ። «እኅቴ፣ ሲስተሙ የሚያውቀው 20 ነው። ከፈለግሽ ፍርድ ቤት ሂጂ፤ ከዚያ ግን ዲግሪሽም፣ ቪዛሽም፣ የባንክ ደብተርሽም ይለወጣል።» የትርጉም ቤቱም ስሕተቱን አምኖ ሲያበቃ አዲሱን ትርጉም ለመሥራት በድጋሚ ክፈይ አለኝ። አልከፈልኩም። ፓስፖርቴ ላይ እስከ ዛሬ ኖቬምበር 20 ነው።

እናንተ ግን የልጃችሁን ልደት ስታስተረጉሙ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነና ቀኑ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ከዋለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ። ሌሊት ከተወለደ «ለእገሌ ዕለት አጥቢያ» ብላችሁ በካርዱ ጀርባ ጻፉ፣ የፈረንጁንም ሰዓት ጨምሩበት። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከወጣችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።