ማኪያቶ የተወራረድንበት ግፊት

መሥሪያ ቤታችን 22 ማዞሪያ አካባቢ ነው። አንድ ሰሞን የሰው ኃይል ክፍሉ "የጤና ቀን" ብሎ ሁለት ነርሶች አስመጣ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ግፊት ይለካል፣ ክብደት ይመዘናል፣ ጣት ተወግቶ ስኳር ይታያል። ሥራ ቆመ ማለት ይቻላል። የሰልፉ ጨዋታ ብቻውን ቀኑን ያስውላል።

እኛ የፋይናንስ ክፍል ሰዎች ደግሞ ተወራረድን። ግፊቱ ጣሪያ የሚነካው ማን ነው? ሁሉም የጠቆመው የግዢ ኃላፊውን ነው። ሰውዬው ወፍራም ነው፤ ሲስቅ ሆዱም አብሮት ይስቃል። ማኪያቶአችንን እሱ ላይ አስይዘን ጠበቅን።

ተለክቶ ወጣና ወረቀቱን አሳየን። 122 በ78፤ ደህና ልኬት።

"ምን ያፈጣችኋል?" አለን።

ይህ ሰው ከመገናኛ እስከ ቢሮ በእግሩ ነው የሚመጣው። ለጤናዬ ብሎ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ያናድደዋል። "እዚያ ቆሜ ከምደርቅ ሄጄ እደርሳለሁ" ይላል። ማታም በእግሩ ይመለሳል። ለመምጣት ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። የግዢ ኃላፊያችን ይህን ምክር ሰምቶም አያውቅም፤ ረቡዕ ማታ ግን ኮታውን ጨርሷል።

ነርሷ ግን በምስጋና ብቻ አላሰናበተችውም። ወገቡን ለካችው፣ ስኳሩን በየጊዜው እንዲታይ ነገረችው። መራመድ ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ ቦርጭን ግን ምንም አይደለህም አይለውም።

ወሬው በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር።

ነርሶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሲወጡ የሚያደርሷቸው አንጋፋው ሹፌራችን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሃምሳ አምስትን አልፈዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸንቃጣ ናቸው። በወጣትነታቸው ኳስ ተጫውተዋል። "ጋሼ እርስዎስ አያረጁም" የማይላቸው የለም።

ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የሌሎቹ ሹፌሮች፣ የጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹም አልነበረም። ማንም በክፋት አላስቀራቸውም። ጥሪው የተላለፈው በኢሜይል ነው፤ እነሱ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የላቸውም። በቃ።

ሲስተር መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል ዞር አለች። "ጋሼስ ተለክተዋል?"

"እኔን ምን ይሁን ብለሽ ነው ልጄ? ምንም አያመኝ።"

"እስቲ ለማንኛውም ይቀመጡ።"

178 በ110።

ሲስተር አልጮኸች፣ አልደነገጠች። እግርዎን አያነባብሩ፣ ጀርባዎን ያስደግፉ፣ አያውሩ አለቻቸው። ቡና አሁን ጠጥተው እንደሆነ ጠየቀች። ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችና አምስት ደቂቃ ጠብቃ ደገመችው። 174 በ106። ራስ ምታት? የለም። ደረት ላይ ሕመም? የለም። የዓይን ብዥታ? የለም። ጋሼ ጭራሽ ፈገግ ብለዋል።

የግፊት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ወሬውም የለው። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎልን ደም ሥር ይጎዳል። ቀጭን ነው ብሎም አይምርም።

"በዛሬ ልኬት ብቻ በሽተኛ ነዎት አልልም" አለች ሲስተር። "ነገ ግን ጤና ጣቢያ ሄደው ይድገሙት።" ደጋግመው ተለኩ፤ ያው ነው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ታዘዘላቸው። ጨው ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ ተባሉ።

"ልንቀሳቀስ?" አሉን ሲመለሱ። "ቀኑን ሙሉ ምን ሳደርግ ነው የምውለው?" ሳቅን። እውነታቸውን ነው፣ ከተማውን ሲያካልሉት ነው የሚውሉት፤ ተቀምጠው።

እዚህ ላይ የለንደን አውቶቡሶች ታሪክ ትዝ ይለኛል። ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናው ነው። ያኔ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰው ይሠራ ነበር። ሹፌሩ ተቀምጦ ይነዳ ነበር። ትኬት ቆራጩ፣ እኛ ረዳት የምንለው፣ በሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ጭሱም አንድ። የልብ ሕመም ግን ሹፌሮቹ ላይ በርትቶ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ወጣ። ወፍራሞቹ ሹፌር እየሆኑ ቢሆንስ ያለ ሰው አልጠፋም። ሞሪስም የደንብ ልብስ መዝገብ አስወጥቶ የሱሪዎቹን የወገብ ልክ አየ። ሹፌሮቹ በእርግጥ ወፈር ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ቀጭኑ ሹፌር እንኳ ከቀጭኑ ረዳት ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ጋሼን እያየሁ ይህን ሳስብ ለማኪያቶ የተወራረድንበት ነገር ሁሉ ያስቀኛል።

መሥሪያ ቤታችን በጋሼ ውጤት ክፉኛ ደነገጠ። የሰጠው ምላሽ ቲሸርት ነበር። መፈክር የታተመበት፣ አረንጓዴ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ሩጫ ተባለ። ሰርቪሱ ከየሰፈራችን ይለቅመናል። ሰርቪሱን የሚነዳው ማን ነው? ጋሼ ናቸዋ! እኛ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ስንል እሳቸው ዕቃችንን እየጠበቁ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ፕሮግራሙ የተጀመረው በእሳቸው ምክንያት መሆኑን አስታውሱልኝ።

ሩጫው ብዙ አልቆየም። አንዱ ቅዳሜ ለቅሶ፣ አንዱ ሠርግ፣ አንዱ ዝናብ። ቲሸርቱ የብዙዎቻችን ፒጃማ ሆኗል።

የጋሼ ለውጥ የመጣው በሌላ በር ነው። ጤና ጣቢያ ለክትትል ሲሄዱ ባለሙያዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። "በቀን ውስጥ የማይቀርብዎት ነገር ምንድን ነው?"

"መጠበቅ" አሉ። "አለቃ አድርሼ መጠበቅ።"

"እንግዲያው ሞተር ባጠፉ ቁጥር ይውረዱ። አስር ደቂቃ ይራመዱ። ሬዲዮው ከዚያ በኋላ ይከፈታል።"

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ልማድ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው። አዲሱን ነገር ከነባሩ ጋር ማሰር። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ፈቃደኞችን ተከታትላለች። እያንዳንዱ አንድ ትንሽ ነገር መረጠ፤ በየቀኑ ከሚያደርገው ነገር ጋር አያያዘው። ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ይሄዳል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላፈረሰውም። "ሰኞ እጀምራለሁ፣ ካቋረጥኩ አበቃ" የምንል ሰዎች ይህቺን ነገር ብንይዛት ጥሩ ነው።

ጋሼ ጀመሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሲዞሩ ጥበቃው ጠርጥሮ "ምን ፈልገው ነው አባት?" ብሏቸዋል። እሱስ አለፈ። የባሰው የኛው ሰው ነው። አንድ ኃላፊ ከስብሰባ ወጥቶ መኪናው ተቆልፎ አገኘው። ደወለ፣ ተቆጣ። ጋሼ ከግቢው ማዶ እየሮጡ መጡ። ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፣ ሬዲዮውም ተከፈተ።

ምክርማ ሞልቶ ነበር። ፈቃዱም ነበራቸው። ጊዜው ግን የእሳቸው አልነበረም። ሥራቸው "ዝግጁ ሆኖ መቀመጥ" ተብሎ የተሰፋ ነው፤ በዚያ ላይ ቲሸርት ቢደረብበት ምን ይለውጣል?

የገባት የስምሪት ኃላፊዋ ናት። የተሽከርካሪ መጠየቂያ ቅጹን አወጣችና ከታች አንድ መስመር ጨመረች፦ "ተጠቃሚው ከመውጣቱ 10 ደቂቃ አስቀድሞ ለሹፌሩ ይደውላል።" አስፈርማ አስገባችው። ኮሚቴ የለ፣ በጀት የለ። አሁን ከጋሼ ሌላ ሁለት ሹፌሮችም ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ።

ጨው ላይ ትግሉ የቤት ነበር። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ፊልድ የሚወጣ ሹፌር ደግሞ ጥብሱን ያለ ሚጥሚጣ አይነካም፤ ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው አለ። ባለቤታቸው ያለ ጨው አስፈጩላቸው። በትንሽ ብልቃጥ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ፣ ምግብ ቤት ሲደርሱ እሷን ያወጣሉ።

ከወራት በኋላ 134 በ84 ሆነ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ኪኒኑን ሊተዉት ነበር። "ድኛለሁ እኮ" አሉ። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ "የወረደው ስለሚውጡት ነው" ብላ መለሰቻቸው። ጾም ላይም ጠዋት መዋጥ እያስቸገራቸው አንዳንድ ቀን ይዘሉት ነበር። ያን ስትሰማ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረችላቸው፤ ሳይናገሩ ዝም ብለው መዝለላቸው ነበር አደጋው።

የዘንድሮ የጤና ቀን ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ጥበቃ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። የግዢ ኃላፊው አሁንም በእግሩ ይመጣል፣ አሁንም ታክሲ ሰልፉን ይራገማል።

ባለፈው አንድ የመምሪያ ኃላፊ ሳይደውል ወርዶ ስምሪት ክፍል በስልክ ጮኸ። "መኪናው አለ፣ ሰውየው የሉም! እንዴት ነው የምትሠሩት?" ኃላፊዋ ቅጹን ከፋይል አወጣች። የታችኛውን መስመር ቀስ ብላ አነበበችለት፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነም ጨመረችለት።