ኒኬል አለበት ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም

ሄቪ ሜታል ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም ምናምን ነው፣ ኒኬል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሲነሳም ወይ "ኒኬል መርዝ ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ ደሞ "ማንኪያው ውስጥም አለ እኮ፣ ምን ያመጣል" ይባላል። ሁለቱም ያናድዱኛል። መጠኑ ስንት ነው ከማለት በፊት በምን መልክ ነው ያለው፣ ሰውነት ውስጥስ በየት በኩል ነው የገባው ብሎ መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

ኒኬል አቶሚክ ቁጥሩ 28 ነው፣ ነጣ ያለ ብርማ ሜታል ሆኖ በ1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ እንደ አይረን በማግኔት ይሳባል። ስዊድናዊው አክሴል ክሮንስቴት ነው በፈረንጆቹ 1751 ለይቶ ያወጣው። ውህድ ሲሰራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣና ኒኬል ሁለት ፕላስ የሚባለው አዮን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አተም) ይሆናል፣ ብክለት ላይ ዋናው ተዋናይ እሱ ነው። ሰልፌቱና ክሎራይዱ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ፣ ኦክሳይዱና ሰልፋይዱ ግን በጣም ትንሽ ነው የሚሟሙት። አፈሩ ወይም ውሃው አሲዳማ ሲሆን ደሞ ተጣብቆ የነበረው ኒኬል ይለቅና መጓዝ ይጀምራል፣ ለዛ ነው ከማዕድን ማውጫ የሚወጣ አሲዳማ ፍሳሽ የሚያስፈራው። ከዛ ወዲያ እንደ ፀረ ተባይ መድሃኒት ጊዜ ሲያልፍ ይበሰብሳል ብሎ ተስፋ የለም፣ ኤለመንት ስለሆነ ቦታና መልክ ይቀያይራል እንጂ አይጠፋም። (በነገራችን ላይ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ኒው ካሌዶንያ ውስጥ ኒኬል ከአፈር እየሳበ የሚያጠራቅም ዛፍ አለ፣ ፈሳሹ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ሲደርቅ ሩብ ያህሉ ኒኬል ሊሆን ይችላል። እኔ እስካሁን ይገርመኛል።)

በመጠጥ ውሃ በኩል ሲመጣ ነገሩ ያን ያህል አስደንጋጭ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 70 ማይክሮግራም ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ደሞ ጠበቅ አድርጎ 20 ብሎታል። የዋጥነው ኒኬል አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፣ ግን በባዶ ሆድ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሲጠጣ ከምግብ ጋር ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይመጠጣል። ኒኬል የተቀባ ቧንቧ ውስጥ ሲያድር የቆየ ውሃ ጠዋት ላይ ከፍ ያለ ኒኬል ሊይዝ ስለሚችል ትንሽ አፍስሶ መጠጣት ጥሩ ነው፣ ቀላል ነገር ነው።

ቆዳ ላይ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። የጆሮ ጌጥ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የቀበቶ ዘለበት ላይ ያለውን ኒኬል ላብ ቀስ እያለ ያሟሟውና አዮኑ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ቲኤልአር 4 የሚባል የመከላከያ ሴሎች መቀበያ ላይ ይጣበቅና ጀርም የገባ ያህል ደወል ያስደውላል። የሰው ቲኤልአር 4 ላይ ኒኬል የሚይዝበት ቦታ አለ፣ የአይጥ ላይ ግን የለም፣ ስለዚህ በአይጥ ሲሞከር ጤናማ የመሰለ ነገር ሰው ላይ ያሳክካል። አንዴ አለርጂው ከያዘ ደሞ ብዙውን ጊዜ እድሜ ልክ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሳንባ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1990 የኒኬል ውህዶችን ሰው ላይ ካንሰር ያስከትላሉ ብሎ ግሩፕ 1 ውስጥ አስገብቷቸዋል፣ ሜታሉን ራሱን ግን 2ቢ ላይ፣ ማለትም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል የሚባለው ምድብ ላይ ነው ያስቀመጠው። ማስረጃው የመጣው ከኒኬል ማጣሪያ ፋብሪካ ሰራተኞች ነው፣ ዌልስ ክላይዳክ ያለው ፋብሪካ ቀደምት ሰራተኞች ላይ የሳንባና የአፍንጫ ካንሰር ከሌላው ሰው በጣም በልጦ ተገኝቷል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው፤ የማይሟሟው ሰልፋይድ ሆድ ውስጥ ብዙም ሳይጎዳ ያልፋል፣ ሳንባ ውስጥ ግን ስለማይሟሟ እዛው ይቀራል፣ ሴሎች ቅንጣቱን ይውጡታል፣ ከዛ በሴሉ ውስጥ ባለው አሲዳማ ከረጢት ቀስ ብሎ ይሟሟና አዮኑን ኒውክለሱ አጠገብ ይለቀዋል። ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ዲኤንኤውን ራሱ በመምታት ሳይሆን የሚጠግኑትን ኢንዛይሞች በማደናቀፍና ኢንዛይሞች ውስጥ ያለውን የአይረን ቦታ በመንጠቅ ነው። ኒኬል ያለበት ስቴንለስ ብረት የሚበየድበት ቤት ውስጥ ያለ ጭስም እዚሁ ውስጥ ይገባል፣ ጭስ መሳቢያ ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ኒኬል ካርቦኒል ነው። ሉድቪግ ሞንድ በ1890 ያሳወቀው ፈሳሽ ነው፣ ኒኬል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይፈጠራል፣ በ43 ዲግሪ ይፈላል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ከዛ ይተዋል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ቤቱ ይገባል፣ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው ሳንባው የሚያብጠው።

ስለዚህ የውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ "ጠቅላላ ኒኬል" ብቻ ተጽፎ ሳይ ብዙም አልረካም። ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ስንት ነው? ውሃው ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ለዓሳ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ኒኬል ጉዳቱ ይቀንሳል። ናሙናውስ የሟሟውን ከጭቃው ለመለየት በ0.45 ማይክሮሜትር ፊልተር ተጣርቷል ወይ? ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ናሙናው እንዲቆይ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፣ አሲዱ ከማጣራት በፊት ከገባ ደሞ ጭቃው ላይ ተጣብቆ የነበረው ኒኬል ይሟሟና ወረቀቱ ላይ ሟሙቶ የመጣ መስሎ ይመዘገባል።