በኤም1 ላፕቶፕ የገነባሁት ኢሜጅ ሰርቨሩ ላይ አልነሳ ሲለኝ

ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር አሽጎ በሌላ ማሽን ላይ ስለሚያስኬደው ስለ ዶከር ካነበብኳቸው መመሪያዎች መካከል አንዱ እንኳ «የምትገነባበት ማሽንና የምታስኬድበት ማሽን አንድ ዓይነት ናቸው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያን ሌሊት ተኝቼ ባደርኩ ነበር። ለአንድ መድኃኒት ቤት የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራም በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው መሣሪያ) ጽፌ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንዲጀምር ቀጠሮ ስለተያዘ እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሰርቨሩ ልወስደው ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አላስቸገሩኝም። «ዶከር ቢልድ»ን ከ«-ቲ» ጋር አስኬጄ ለኢሜጁ (ለታሸገው ፕሮግራም) ስም ሰጠሁት፤ በ«ዶከር ፑሽ» ወደ ግል ማከማቻችን ሰቀልኩት፤ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «ዶከር ረን»ን ከበስተጀርባ እንዲሠራ በ«-ዲ»፣ ፖርቱን ለመክፈት በ«-ፒ 80:3000»፣ ቢወድቅ ራሱ እንዲነሳ በ«--ሪስታርት ኦልዌይስ» አስጀመርኩት። ኢሜጁ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለነበረና በመሃል መብራት ስለጠፋ መስቀሉ ብቻ 50 ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ገጹ ግን አልከፈት አለ። «ዶከር ፒኤስ» ስል ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው ፕሮግራም) «ሪስታርቲንግ» ይላል፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይወድቃል። «ዶከር ሎግስ» ያሳየኝ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነበር፣ እሱኑ ከላይ እስከ ታች እየደጋገመ፦ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር»፤ ማሽኑ ሊያስኬደው የማይችለው ዓይነት ፋይል ነው ማለት ነው። እኔም የማስጀመሪያው ፋይል ፈቃድ ጎድሎት ይሆናል ብዬ ፈቃዱን ቀየርኩ፤ የመስመር መጨረሻ ምልክቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እሱንም አስተካከልኩ፤ በየመሃሉ እንደገና እየገነባሁና እየሰቀልኩ አንድ ሰዓት ተኩል በከንቱ አለፈ። ነገሩ ሌላ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በላፕቶፖቹ ላይ መግጠም የጀመረው ኤም1 የአርም ፕሮሰሰር ሲሆን የተከራየሁት ሰርቨር የኤኤምዲ64 ነው፤ ለአንዱ የተገነባ በሌላው ላይ አይሠራም፤ ዶከር ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር የሚገነባው ለሚሠራበት ማሽን ነው። ይባስ ብሎ የሚያናድደኝ ዶከር ይህንኑ አስጠንቅቆኝ የነበረ መሆኑ ነው፤ የኢሜጁ ፕላትፎርም ከሰርቨሩ ጋር አይገጥምም የሚል ማሳሰቢያ ጽፏል፤ እኔ ግን ስክሪፕቴ ንጹሕ እንዲመስል ብዬ የሚታተመውን ሁሉ የተላከለትን ወደሚያጠፋው «ዴቭ/ነል» እልከው ነበር።

መፍትሔው «--ፕላትፎርም ሊኑክስ/ኤኤምዲ64» የሚል አንድ አማራጭ ነው። ጨምሬው እንደገና ገነባሁ፤ ማኩ የሌላውን ፕሮሰሰር እየመሰለ ስለሚሠራ 4 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ግንባታ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ሰቀልኩት፣ የድሮውን ኮንቴይነር አጥፍቼ አዲሱን አስጀመርኩ፤ ያው መስመር እንደገና መጣ። እዚህ ላይ ነው ተስፋ የቆረጥኩት፤ ምክንያቱን ያገኘሁ መስሎኝ የነበረው ተሳስቼ ነው ብዬ ወደ ፋይል ፈቃዱ ተመለስኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሌላ የሚሞከር ነገር ሲጠፋኝ፣ ሰርቨሩ ላይ «ዶከር ኢሜጅ ኢንስፔክት» ብዬ የወጣውን ዝርዝር መስመር በመስመር አነበብኩ። «አርኪቴክቸር» ከሚለው ፊት ለፊት «አርም64» ተጽፏል። ሰርቨሩ ለካስ የሚያስኬደው አሮጌውን ኢሜጅ ነው! ከስሙ ቀጥሎ ታግ (የስሪት መለያ) ሳልሰጠው ስለገነባሁት ዶከር «ላተስት» ብሎ ሰይሞታል፤ «ዶከር ረን» ደግሞ በዚያ ስም የተቀመጠ ኢሜጅ ሰርቨሩ ላይ ካገኘ ማከማቻው ውስጥ አዲስ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። «ላተስት» የሚለው ቃል ዝም ብሎ ስም ነው፤ የቅርብ ጊዜው ነው ማለት አይደለም። «--ፑል ኦልዌይስ» ብዬ ሳስጀምረው በአንድ ጊዜ ተነሳ።

አሁን ለእያንዳንዱ ኢሜጅ የጊት ኮሚቱን (በኮድ ታሪክ መመዝገቢያው የተቀመጠውን ለውጥ) ቁጥር ታግ አድርጌ እሰጠዋለሁ፤ «ላተስት»ን አልጠቀምም። መመሪያዎቹ ለሁለቱም ፕሮሰሰር የሚሆን ኢሜጅ በአንድ ጊዜ መገንባትን ያወድሳሉ፤ ሰርቨራችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ተዉት፤ በእኛ ኢንተርኔት ያንኑ ሸክም ሁለት ጊዜ ከመስቀል በቀር የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። እንዲያውም እኔ ዶከርን በሌላ ማሽን ላይ ለማዘዝ በሚያስችለው በ«--ኮንቴክስት» አማካይነት ግንባታውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ አስደርገዋለሁ። ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር መገንባት ነውር ነው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጥቂት ተጠቃሚ ላለው ፕሮግራም ግን ጥቂት ኪሎባይት ኮድ ልኮ መተኛት ይሻላል። አዲስ ኢሜጅንም መጀመሪያ ያለ «-ዲ» እና ያለ «--ሪስታርት» ዓይኔ እያየ አስነሳዋለሁ፤ ራሱን እየደጋገመ የሚያስነሳ ኮንቴይነር ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላልና።

መድኃኒት ቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት ፕሮግራሙ እየሠራ ነበር፤ ባለቤቱ የጠየቁኝም የአንዱ ቁልፍ ቀለም ለምን አረንጓዴ እንዳልሆነ ብቻ ነው። ወደ «ዴቭ/ነል» ትልክ የነበረችውን መስመር ግን ያን ዕለት ከስክሪፕቱ ሰርዣታለሁ።