«ልጄን አደራ»

ዛሬ ጣናን ደብሮታል። ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት አመድማ ሆነው መለያቸው አይታይም፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። መቼም ታውቁኛላችሁ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት ልቤን ያለ ምክንያት ይከብደዋል። ሐይቁ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆሞ ታዳጊ ተጫዋቾችን ይጭናል። አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ አቀበለችና አሰልጣኙን በሁለት እጇ ጨብጣ «ልጄን አደራ» አለችው። «ኧረ አያስቡ፣ እናቴ» አላት። ሄዱ።

እኔ ግን ቃሉን ይዤው ዋልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አደራው የአሰልጣኙ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ቡድን መሪ አለ፣ ወጌሻ አለ፣ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ቦርድና ፌዴሬሽን አለ። ልጅቷ አንድ ቀን ጾታዊ ጥቃት ደርሶባት «እንዲህ አደረገኝ» ብትል ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል?

መናገሩ ራሱ ለልጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስፖርት ውስጥ ያለ ሰው ያውቃል። ማን ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። ካምፕ ውስጥ መኝታውም ምግቡም በእነሱ እጅ ነው። ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ ብትል መልቀቂያ የሚጽፍላት ያው ክለብ ነው። ከገጠር የመጣች ከሆነማ የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ ጫማዋ ላይ ነው ያለው። ይህን ሁሉ አልፋ አፏን ከከፈተች፣ ያን ቀን የሰማት ሰው ፊት ላይ የምታየው ነገር ሁለተኛ መናገሯን ይወስናል።

አብዛኛው መሪ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚሳሳተው። የሚሳሳተው «እስቲ መጀመሪያ እናጣራ» ሲል ነው። ቃሉ ጨዋ ይመስላል፤ የፍትሕ ቃል ይመስላል። ግን በተግባር ምን ይሆናል? ተጠርጣሪው ቢሮ ይጠራና «እንዲህ ተብለሃል፣ እውነት ነው?» ይባላል። በዚያው ሰዓት ስልኩ ላይ ያለውን መልእክት ያጠፋል፣ ልጅቷን ያገኛታል፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። ከዚያ ልጅቷ ትጠራለች፤ ለሥራ አስኪያጁ ትናገራለች፣ ለቦርዱ ትደግማለች፣ ለሦስተኛ ሰው ትሰልሳለች። በየመሃሉ አንዲት ቀን ወይም አንድ ሰዓት ከተዛባባት «ቃሏ ይለያያል» ተብሎ ይጻፋል። ሰዓቱም ይነጉዳል። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለውም ቢበዛ እስከ 5 ቀን ነው የሚሠራው። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት መቀመጥ አለበት፤ ፌስታል ውስጥ ከታፈነ እርጥበቱ ያሻግተዋል፣ ማስረጃው ይበላሻል። የማጣራቱ ኮሚቴ ሰኞ ሊሰበሰብ ቀጠሮ ሲይዝ እነዚህ ሰዓቶች ቅዳሜና እሑድ ላይ አልቀዋል።

ከመሪው የሚጠበቀው ከዚህ በጣም ያነሰና በጣም የፈጠነ ነገር ነው። ያለችውን በራሷ ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጽፎ መፈረም። «ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?» አለማለት። «ለማንም አልናገርም» ብሎም ቃል አለመግባት፤ ሊጠብቀው የማይገባ ቃል ነውና። ለሐኪምና ለፖሊስ በዚያው ቀን ማድረስ፣ ከቤተሰቧም እሷ የምታምነውን ሰው መጥራት። ሰውየውን ደግሞ ደመወዙ ሳይቋረጥ ከልጆች ማራቅ፤ የካምፑን ቁልፍ መቀበል፣ ከጉዞ ዝርዝር ማውጣት፣ ተጫዋቾቹን እንዳያገኝ በጽሑፍ መከልከል። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የሚመለስበት በር ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ «ትንሽ ትረፍ» ተብላ ከቡድኑ የምትወጣው ልጅቷ ናት። ጓደኞቿም ያዩና ይማራሉ።

ሁሌ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አንድ ወጣት ረዳት፣ ጄሪ ሳንደስኪ የተባለውን የቀድሞ ረዳት አሰልጣኝ በመታጠቢያ ክፍል ከአንድ ልጅ ጋር አየውና በማግስቱ ለዋናው አሰልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነገረው። ፓተርኖም ዝም አላለም፤ ለአለቆቹ ነገረ። አለቆቹ ፖሊስ ዘንድ አልሄዱም፤ ሳንደስኪ ልጆችን ይዞ ወደ ግቢው እንዳይመጣ ከለከሉት። እዚህች ላይ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። ግቢውን ነው የጠበቁት። ሌላ ቦታ ይዟቸው ቢሄድ ከልካይ አልነበረውም። የተያዘው በ2011 ነው፤ በማግስቱ ዓመት በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ፓተርኖ ከ46 ዓመት ዋና አሰልጣኝነት በኋላ ተባረረ፤ የበለጠ ባደረግሁ ኖሮ ብሎ መጸጸቱንም ተናግሯል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ «ለአለቃዬ ተናግሬያለሁ» የሚለው ዕረፍት ነው። ወደ ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን አለቃው ምን እንዳደረገ ሳይጠይቁ እንቅልፍ መተኛት አደራን መወጣት አይደለም።

የአሜሪካ ጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ደግሞ በጁን 2015 ሐኪሙ ላሪ ናሳር ስፖርተኞችን እንደሚያጠቃ ሲነገረው፣ አምስት ሳምንት ያህል በራሱ ሰው ሲያጣራ ቆይቶ ነው ለአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ለኤፍቢአይ ያመለከተው። ኤፍቢአይም ተኛበት። ናሳር ግን የሚሠራበት ሌላ ቦታ ነበረው፤ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እስከ ኦገስት 2016 መጨረሻ ታካሚ ማየቱን ቀጠለ። የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት የፍርድ ቤት ሰነዶችን ጠቅሶ፣ በዚያ መሃል 70 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ወጣት ስፖርተኞች መጠቃታቸውን ጽፏል። ከዚህ ጉድ በኋላ በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጥቆማ የደረሰውን የስፖርት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት ያስገድዳል።

እኛ ዘንድ ሕጉ ቀዳዳ አለው። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት ይቀጣል፤ ተጠቂው የአጥፊው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚቀጣው አንቀጽ 443 ግን በዋናነት የሚናገረው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። እንግዲህ ሰምቶ ዝም ያለ የክለብ መሪ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አንቀጽ አይነካም። የሚይዘው ኅሊናው ብቻ ነው ማለት ነው፤ ኅሊና ደግሞ ሻምፒዮና በቀረበ ሰሞን ቀጠሮ ይሰጣል።

«ቢዋሽበትስ?» የሚል አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2020 በሃይቲ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ላይ፣ ተጫዋቾችን በጾታ አጥቅቷል ብሎ የጣለውን የዕድሜ ልክ እገዳ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ብሎ በ2023 አንስቶታል። እኔ ከዚህ የምረዳው መሪው ዳኛ መሆን እንደሌለበት ነው። እውነቱን ለመለየት የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል፣ የስልክ መረጃ ያስፈልጋል፣ ልጅን መጠየቅ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ክለብ ከእነዚህ አንዱም የለውም። በቶሎ ካስተላለፈ ለተከሰሰውም ይበጀዋል፤ ስሙን ሊያጠራለት የሚችለው ያልተበላሸ ማስረጃ ነውና።

ሽምግልናን እኔ አከብራለሁ። በድንበር፣ በከብት፣ በባልና ሚስት ጠብ ስንቱን አድኖናል። ለዚህ ግን አይሆንም። ምንጣፉ ላይ የሚቀመጡት አባትየውና ሰውየው ናቸው፤ ካሳ ይቆረጣል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ይታረቃሉ። ልጅቷ እዚያ የለችም። ከዚያም ክለቡ «ከአሰልጣኙ ጋር በስምምነት ተለያየን» ብሎ ያስነግራል፤ ሰውየው የምስጋና ደብዳቤውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ይሄድና ሌላ እናት በሁለት እጇ ትጨብጠዋለች። ያን ደብዳቤ የፈረመ እጅ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል፤ የሚቀጥለውን ክለብ ዓይን ሸፍኖበታልና።

በየመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ይለጠፍ እላለሁ። የአሰልጣኙ አይሁን፣ የቡድን መሪውም አይሁን፤ ተከሳሹ ፕሬዝዳንቱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል የቢሮውም አይሁን። ከክለቡ ደመወዝ የማይበላ፣ ማታም የሚያነሳ፣ ልጅ ስታለቅስ የማይቸኩል ሰው ይሁን። ባሕር ዳር ግን ትንሽ ናት፤ አሰልጣኙም፣ ቦርዱም፣ መርማሪውም አንድ ቡና ቤት ይቀመጣሉ፣ አንድ እድር ይገናኛሉ። ወረቀት አውጥቼ ቁጥሩ የማን ይሁን ብዬ ስሞች መጻፍ ጀመርኩ፤ ሦስቱን ጽፌ ሦስቱንም ሰረዝኳቸው። እናንተ ብትሆኑ የማንን ትጽፉ ነበር?