ቁራጭ ኮራል ድንጋይ ላይ ማጣበቅ፦ ሙጫ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በባሕር ውሃ ገንዳችሁ (አኳሪየም) ውስጥ ከድንጋዩ ተላቅቆ የወደቀ ኮራል ስታገኙ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት። ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉ ላይ እንዳለ ነው፤ የለቀቀው በድንጋዩ በኩል ነው። ይህን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ሙጫ መቀያየሩን ትቼ ድንጋዩና አጣበቁ ላይ አተኮርኩ።

ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በእርጥበት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ ላዩ ይጠነክርና ነጭ ቆዳ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ቆዳው ሳይሰበር ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ድንጋዩ አልጌና ልጋግ ከለበሰ ደግሞ ሙጫው የያዘው አልጌውን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮራሉን ያለ ሙጫ አስቀምጬ እሞክራለሁ። ቢያንስ በ3 ነጥብ ድንጋዩን የሚነካበትና ሳይወላወል የሚቆምበት ቦታ እስካገኝ አዟዙረዋለሁ። ከዚያ ቦታውን በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ፣ ካልበቃም በቢላ ጫፍ፣ ከኮራሉ ሥር ትንሽ አስፍቼ ባዶው ድንጋይ እስኪወጣ እፍቃለሁ። ቁራጩ የሴራሚክ መትከያ (ከታች እግር ያለው ትንሽ ጠፍጣፋ ማስቀመጫ) ላይ ከሆነ የመትከያውን እግር በጉጠት ቆርጬ እጥላለሁ፤ እግሩ እያለ ጠፍጣፋው ክፍል ድንጋዩ ላይ አያርፍም።

ፓምፖቹን አጠፋለሁ፤ ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ስኪመሩንም ጭምር። ብዙ ሰው ስኪመሩን ይረሳል፤ ከሙጫው ጋር የምጠቀምበት የኢፖክሲ ሊጥ ገና ሳይጠነክር ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አረፋው ገንፍሎ ሊፈስ ይችላል።

ሙጫዬ ጄል ሱፐር ግሉ ነው፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ስለሚንጠባጠብ ለዚህ አይሆንም። አብሮት በውሃ ውስጥ የሚጠነክር ባለ ሁለት ክፍል የኢፖክሲ ሊጥ እጠቀማለሁ። ሊጡ ክፍተቱን ይሞላል፣ በኋላም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እስኪጠነክር ግን የመጣበቅ ኃይሉ ደካማ ነው። በዚያ ጊዜ ኮራሉን የሚይዘው ሙጫው ነው።

2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጥ ቆርጬ ሁለቱ ቀለሞች አንድ እስኪሆኑ አሻለሁ። የቀለም መስመር የቀረበት ክፍል በደንብ አይጠነክርም። የኮራሉን ሥር በወረቀት አደርቅና ሙጫ ቀብቼ ሊጡን እጭንበታለሁ፤ ከሊጡ በታች እንደገና ሙጫ። ወዲያው ወደ ውሃ፤ ድንጋዩ ላይ ጫን አድርጌ ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጠመዝዘዋለሁ። ነጩን ቆዳ ሰብሮ ያልጠነከረውን ሙጫ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች የሚያስገባው ይህ መጠምዘዝ ነው። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው እላለሁ። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይዤ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ “ያዘ ይሆን?” ብሎ መነካካት የለም። ፓምፖቹን ከ20 ደቂቃ በኋላ እከፍታለሁ፤ ስኪመሩን እስከ ማግስቱ አቆየዋለሁ። ሊጡ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚርመሰመሱበት ገንዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌሊት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ቀን ብዙ ቁራጭ አልተክልም፤ ኢፖክሲው በበዛ ቁጥር ውሃው ይደፈርሳል።

ጓንቱ የናይትራይል ይሁን። የጥጥ ጓንት በፍጹም አታድርጉ፤ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በኃይል ይሞቃል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ዞአንተስና ፓሊቶአ የሚባሉትን የኮራል ዓይነቶች የምትቆርጡ ከሆነ መነጽርም አድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ ማፍላት ክልክል ነው፤ እንፋሎቱ ሰው ይመርዛል።

ከማጣበቃችሁ በፊት ጎረቤቱንም አስቡ። ዩፊሊያና ጋላክሲያ የሚባሉት ኮራሎች የሚናደፉ ረጃጅም ክሮች ስለሚዘረጉ ከሌላ ኮራል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቃቸዋለሁ፤ ለጋላክሲያ ከዚያም በላይ። የተጣበቀን ኮራል ነቅሎ ማዛወር ሥጋውን ይጎዳል።

ለለስላሳ ኮራሎች ይህ ዘዴ አይሠራም። ሌዘርና መሽሩም የሚባሉት ዓይነቶች ልጋግ ስለሚያመነጩ ሙጫውን ይተፉታል። ሌዘሩን በትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ላላ አድርጌ አስረዋለሁ። መሽሩሙን የድንጋይ ፍርፋሪ ባለበት ሳህን ላይ አኑሬ በመረብ እሸፍነዋለሁ፤ ፍሰቱ ደካማ በሆነበት ጥግ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ራሱ ፍርፋሪውን ይይዛል። ከዚያ ሙጫው የሚነካው ሥጋውን ሳይሆን ፍርፋሪውን ነው።