ሁሉም ሽማግሌ የሆነበት ከተማ

ከኦርላንዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ የከብት ግጦሹ ያልቅና አንድ ዓይነት ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ይጀምራሉ። ዘ ቪሌጅስ ይባላል፤ በፍሎሪዳ ያለ የጡረተኞች ከተማ ነው። የሄድኩት አባቴን ደብረ ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማሩትን የሰላም ጓድ (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) መምህር ልጠይቅ ነው። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎት እንኳ በስማቸው አይጠራቸውም፤ «መምህሬ» ነው የሚላቸው። ለሥራ ኦርላንዶ መሆኔን ሲሰማ «እሳቸውን ሳትጠይቅ ብትመለስ እንቀያየማለን» አለኝ።

«ግባ፣ ግባ! እንደምን ሰነበትክ?» ብለው ተቀበሉኝ። የቀራቸው አማርኛ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ቀሪውን በእንግሊዝኛ ተጨዋወትን። ቡና ቀምሰን ሳንጨርስ ተነሡና የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። በዚህ ከተማ ሰው የሚንቀሳቀሰው በጎልፍ መኪና ነው። የእሳቸው ቀይ ናት፤ ፊቷ የድሮ ሼቭሮሌ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ለእነዚህ መኪኖች ብቻ የተዘረጋው መንገድ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አውራ ጎዳናውን ከሥር በዋሻ፣ ከላይ በድልድይ ያቋርጣል። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሰው ዋሻው ውስጥ እንዲያ ይነዳሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ የያዝኩትን ብረት አልለቀቅሁም።

የከተማው ታሪክ ከመሬት ሽያጭ ይጀምራል። ሃሮልድ ሽዋርትዝ የተባለ የሚሺጋን ነጋዴ የፍሎሪዳን መሬት በፖስታ ይሸጥ ነበር፤ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በፖስታ መሸጥ ሲከለከል የተረፈውን መሬት ተጎታች ቤቶች የሚቆሙበት ሰፈር አደረገው። በ1980ዎቹ ልጁ ጋሪ ሞርስ መጥቶ ጎልፍና መዋኛ ጨመረበትና ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2010 እና በ2020 በተካሄዱት ቆጠራዎች መካከል በአሜሪካ ካሉት የከተማ አካባቢዎች ሁሉ በፍጥነት ያደገው ይህ ነው፤ ሕዝቡ በ39 በመቶ ጨምሮ 130 ሺህ ገደማ ደርሷል። በወሊድ የሚያድግ ከተማ አይደለም። ሁሉም ሸምግሎ የመጣ ነው።

አደባባዮቹ አስቀውኛል። አንዱ የስፔን ዘመን ከተማ፣ ሌላው የሐይቅ ዳር ወደብ፣ ሦስተኛው የከብት ነጂዎች መንደር እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ሐይቁ ራሱ በሰው እጅ የተቆፈረ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የተለጠፉት የታሪክ ጽሑፎችም ፈጠራ ናቸው፤ መምህሩ አንዱን በታሪክ መምህር ድምፅ አነበቡልኝና «ከዚህ ውስጥ እውነቱ ፊደሉ ብቻ ነው» አሉኝ።

አመሻሹ ላይ ግን መሳቄ ቀረ። በየምሽቱ በነጻ ሙዚቃ አለ። ባንዱ የስድሳዎቹን ዘፈን ሲጀምር መቶ የሚሆን ሰው ተነሥቶ በረድፍ ተሰለፈ፤ ሁሉም እግሩን እኩል ያነሣል፣ እኩል ይዞራል። ከፊቴ ያሉ ሴትዮ ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ይጨፍራሉ፤ መዞር ሲመጣ ከዘራውን መሬት ያስነኩና በእሱ ላይ ይዞራሉ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ በልማድ ለእያንዳንዱ ትልቅ ሰው ከወንበሬ ብድግ እያልኩ ነበር፤ ሌላ የሚነሣ ሰው ግን የለም። ሁሉም ሽማግሌ በሆነበት ቦታ የሚከበር ሽማግሌ የለም። ምራቁን የዋጠ ሰው እንዲህ አይሆንም የሚል ጎረቤትም የለም። አባቴ ሠርግ ላይ እስክስታ ከመታ ስንት ዓመቱ ነው? ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ «ለዕድሜዬ አይመጥንም» ይላል።

ይህ ነጻነት ግን አጥር አለው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ሰፈር ሰው ካለባቸው ቤቶች ቢያንስ በ80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው ካለ፣ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች አላስተናግድም ማለት ይችላል። እዚህ ከ19 ዓመት በታች የሆነ እንግዳ በዓመት ከ30 ቀን በላይ አይቀመጥም። የልጅ ልጅ ቢሆንም ያው ነው። የመምህሩ የልጅ ልጆች ባለፈው ክረምት መጥተው ነበር፤ የፍሪጁ በር ላይ የመጡበትና የሄዱበት ቀን የተከበበበት የቀን መቁጠሪያ አሁንም ተሰቅሏል። እኔ ይህን አልወደድኩትም። እሳቸው ትከሻቸውን ነቀነቁና ወሬ ቀየሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሰሜን በኩል ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰፈሮች አለፍን። ቤቶቹ ትንንሽ፣ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ በር ላይ ከጎልፍ መኪና ይልቅ የአካል ድጋፍ ዊልቸር ይበዛል። ግንባታው ወደ ደቡብ እየገፋ ነው፤ አዲስ ጡረታ የወጡት እዚያ ይገባሉ፣ ቀድመው የመጡት እዚህ ያረጃሉ። ሣር የሚያጭዱት፣ ምግብ የሚያቀርቡትና በሽተኛ የሚያስታምሙት ወጣቶች ማታ ማታ ወደየመጡበት ይመለሳሉ፤ ለሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት እንዳለ ግን መምህሩ በኩራት አሳዩኝ።

መሪ መያዝ ሲያቅታቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ኦሃዮ ያለች ልጃቸው ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀች ነው፤ እሳቸው ግን ማክሰኞ የከበሮ ልምምድ፣ ሐሙስ የካርታ ጨዋታ ስላላቸው አሁን እንደማይመቻቸው ነገሩኝ። ስንሰነባበት «አባትህን ይምጣ በለው» አሉኝ። «እሱን እንኳ ሠላሳው ቀን አይመለከተውም።»